የመርከብ ዘይት ለቢቸና ወፍጮ

ጄኖቫ ወደብ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለአቶ ገላው ገብረ ሕይወት
ቢቸና

ከእናቴ ከወይዘሮ ሀብትነሽ ጋር፣ ከነወፍጮዎ ጭምር፣ ጤናዎ እንዴት ከርሟል? ክረምቱስ እንዴት አደረጋችሁ? እኔ የእህትዎ ልጅ ከናፍቆታችሁ በቀር አንዳች አልጎደለብኝም፤ ፈጣሪ የተመሰገነ ይሁን።

ባለፈው ደብዳቤዎ «መርከብ ላይ ሥራህ ምንድን ነው? ሰው ሲጠይቀኝ የምመልሰው አጣሁ» ብለውኝ ነበር። እንግዲህ ልንገርዎ። የምሠራው ሞተር ክፍል ነው። የእኛ ሞተር እርስዎ እንደሚያውቁት የወፍጮ ሞተር አይደለም። ቁመቱ ባለ ሦስት ፎቅ ቤት ያህላል፤ ከአናቱ ወደ ታች የምንወርደው በብረት መሰላል ነው። ሲሊንደሩ ሲቆሽሽ ሰው ውስጡ ገብቶ ይጠርገዋል። የሚጠጣውም ናፍጣ እንዳይመስልዎ፤ ካልሞቀ የማይፈስ፣ ሬንጅ የመሰለ ጥቁር ነዳጅ ነው።

ለእኔ የተሰጠኝ የሲሊንደሮቹ ዘይት ነው። በእርስዎ ሞተር ዘይቱ ከሆዱ ተረጭቶ ይወጣና ተመልሶ እዚያው ይወርዳል። በእኛ ሞተር ግን ሲሊንደሩ ለብቻው የሚቀርብለት ዘይት አለው። ትንንሽ ፓምፖች በግድግዳው ቀዳዳ በኩል በጠብታ ያስገቡለታል፤ ፒስተኑ ሲያልፍ ግድግዳውን ይቀባበታል፤ ከዚያ ይቃጠላል እንጂ አይመለስም። ጠብታዋ ውሃ በተሞላ ትንሽ መስታወት ውስጥ ብቅ ስትል ትታየኛለች። መብዛቷንና ማነሷን ብሎን እያጠበቅሁ፣ እያላላሁ የማስተካክለው እኔ ነኝ።

አጎቴ፣ ይህ ሞተር በቀን አንድ በርሜል ዘይት ይጨርሳል። ያውም ምርጥ የተባለውን። እኛ ዘንድ ዘይት እንደ ውሃ ነው። ስለዚህ ለጠየቀዎ ሁሉ «የመርከቡን ልብ የያዘው የእህቴ ልጅ ነው» ቢሉ አያፍሩም።

እናቴን ጉልበቷን ስመው ሰላም ይበሉልኝ። ሞጣ ያለችው እህቴ ፋንታነሽ ማስተማሯን እንዴት ይዛዋለች? ጽፌላት አልመለሰችልኝም።

የእህትዎ ልጅ
ስማቸው አካለ ወልድ


ቢቸና፣ ኅዳር 28 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለልጄ ለስማቸው አካለ ወልድ
ባለህበት ባሕር

ያጠመቀህ ታቦት ከማዕበልም ከክፉ ዓይንም ይሰውርህ። እኛ ደህና ነን። እናትህም ደህና ናት። ደብዳቤህን እየደጋገምሁ እንዳነብላት ታስገድደኛለች፤ ሦስት ፎቅ የሚለው ጋ ስደርስ ጎረቤት ካልጠራች አታስቀጥለኝም። ቢቸና ውስጥ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ሳይኖር የሀብትነሽ ልጅ ባለ ሦስት ፎቅ ሞተር ያዘ እየተባለ ይወራልሃል። እኔም ትንሽ ጨምሬበታለሁ፤ አጎትህ አይደለሁ?

የእኛን ወፍጮ ነገር ታውቃለህ። ከነጋዴው ተወርሶ ለማኅበሩ ከተሰጠ ወዲህ ኃላፊው እኔ ነኝ። ሞተሩን የሚያስነሳው፣ ናፍጣና ዘይት የሚሞላው ወልደ ኪዳን ነው። አባቱ ጉልተኛ ስለነበሩ በስብሰባ ላይ ከኋላ ነው የሚቀመጠው፤ ድምፁንም አያሰማም። በሥራው ግን አይታማም። የአካባቢው ሴት ሁሉ እህሏን ተሸክማ የምትመጣው እኛው ዘንድ ነው።

አሁን የምጽፍልህን አፍሬ ነው የምጽፈው። በኮታ የሚመጣልን የሞተር ዘይት ከግንቦት ወዲህ ቀርቷል። ያለው ጠቁሮ እንደ ቀለም ሆኗል። ወልደ ኪዳን በጨርቅ እያጠለለ መልሶ ይሞላዋል። ስብሰባ ላይ ይህ ሲነሳ እኔ አፌን አልያዝሁም፤ «የእህቴ ልጅ ዘንድ ዘይት እንደ ውሃ ነው» ብዬ ተናገርሁ። ሊቀመንበሩም «ታዲያ ጓድ ገላው ይጻፉለታ» አለ፤ ሰውም አጨበጨበ። ካጨበጨበ በኋላ እንዴት እምቢ እላለሁ?

አንድ ጀሪካን ከሆነልህ። ካልሆነልህም ሥራህ ላይ ችግር እንዳታመጣ።

አጎትህ ገላው


አሰብ፣ ጥር 14 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለአቶ ገላው

ጥምቀቱን እንዴት ዋላችሁ? እኔ እዚህ አሸዋና ሙቀት መሐል አለፈብኝ። ጤናዬ ግን ደህና ነው።

ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ደስም አለኝ፣ ደነገጥሁም። ደስ ያለኝ ለእርስዎ የሚሆን ነገር በእጄ ስለተገኘ ነው። የደነገጥሁት ደግሞ «የለኝም» የማለት ፊት ስላጣሁ ነው፤ ያን ሁሉ ጉራ ነዝቼ።

ዋናው መሐንዲሳችን፣ ቺፍ የምንለው፣ ከበርሜል ግርጌ የተረፈውን እንድቀዳ ፈቅዶልኛል። ለምን እንደሆነ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርሁትም። ለወፍጮ ሞተር ይስማማ እንደሆነ ልጠይቀው አስቤ ነበር። «ይህን ሁሉ ጊዜ ዘይት ይዘህ ይህን አታውቅም?» እንዳይለኝ ፈርቼ ተውሁት። ያው ዘይት ዘይት ነው። እንዲያውም ከተራው ይወፍራል፤ በጣትዎ ሲይዙት ማር ይመስላል።

ጀሪካኑን ኃይለ ጊዮርጊስ የሚባል የአሰብ ሹፌር አዲስ አበባ ድረስ ይዞት ከዚያ በቢቸና አውቶቡስ ይልክልዎታል። ለሰዎቹ ከእኔ መሆኑን ይንገሩልኝ።

ስማቸው


ቢቸና፣ የካቲት 20 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለልጄ ለስማቸው

ስምህ ከፍ ይበል። አንተ ባሕር ላይ ሆነህ ስምህ እዚህ ሰንብቷል።

ዘይቱ በደህና ደረሰ። እኔ እንደ ማንኛውም ዘይት ቀስ ብለን እንጨምረዋለን ብዬ ነበር። ሊቀመንበሩ ግን «እንዲህ ያለ ነገር በዝምታ አይገባም» ብሎ በገበያ ቀን ሰው ሰበሰበ። ጠላ ተጠመቀ። ቄሱ ጀሪካኑን ባረኩት። ሊቀመንበሩ «ጓድ መርከበኛችን» እያለ ረጅም ንግግር አደረገ፤ ግማሹን ሰው በቁሙ አስተኛው። ከዚያ ወልደ ኪዳን አሮጌውን ዘይት አስወጥቶ ያንተን ሞላው። አሮጌውን ሰዎቹ ወዲያው ተሻሙት፤ የአጥራቸውን ግንድ ምስጥ እንዳይበላው ቀቡበት።

ሞተሩ ሲነሳ እናትህ እልል አለች። ሴቱ ሁሉ ተቀበላት። ይህች እህቴ አባትህ ከሞተ ወዲህ እልል ስትል ሰምቻት አላውቅም። ባላለቅስም ዓይኔን የናፍጣ ጭስ ገባው ብዬ ዞር አልሁ።

ልጄ፣ እኔ ልጅ አልወለድሁም። ያን ቀን ግን ወልጄ እንዳደርሁ ሰው ሆኜ ነው የዋልሁት። እግዚአብሔር ይስጥህ።

አጎትህ ገላው


አንትወርፕ ወደብ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ

ሰላምታዬ ካጠረብዎ ይቅር ይበሉኝ። የእርስዎ መልስ ገና አልደረሰኝም። ይህች ደብዳቤ ቶሎ እንድትደርስዎ በማርያም እለምናለሁ። የላክሁትን ዘይት ካልጨመራችሁት አትጨምሩት። ከጨመራችሁትም አስወጡት።

የሆነውን ልንገርዎ። እዚህ እንደደረስን አንዱን ሲሊንደር ከፈትን። የፒስተኑ አናት ላይ ነጭ ድንጋይ የመሰለ ቅርፊት ተጋግሯል። ቅርፊቱ የሲሊንደሩን ግድግዳ ሲፍቀው ከርሟል። ፋሻዎቹ፣ ማለት ፒስተኑ ወገብ ላይ የሚታጠቁት ቀለበቶች፣ ተጣብቀው አልላወስ ብለዋል። ቺፋችን የሐረር ሰው ነው፤ ሲቆጣ ድምፁ ዝቅ ይላል። ጠራኝና «ጠብታውን ማን ጨመረ?» አለኝ።

እኔ ነበርሁ። እሱ በወሰነልኝ ልክ ሳደርገው ጠብታዋ ብቅ የምትለው እንዲያው አልፎ አልፎ ነው። ቆሜ ሳያት ሲሊንደሩ የተራበ ይመስለኛል። ለእንግዳ አጉድሎ መቅዳት ነውር በሆነበት ቤት ነው ያደግሁት፤ ለሞተርም መንፈግ ነውር መስሎኝ ብሎኑን በየጊዜው ትንሽ ላላ አደርገው ነበር። ቺፉ «አንተ እዚህ የተቀጠርኸው ለመጋበዝ ነው?» አለኝ። የሞተር ክፍሉ ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ፤ መርከብ ላይ ደግሞ መሬት የለም።

በኋላ አስቀምጦ አስረዳኝ። ያ ጥቁር ነዳጅ ድኝ አለበት። ድኙ ሲቃጠል አሲድ ይሆንና ብረቱን ይበላል። ስለዚህ የሲሊንደሩ ዘይት ውስጥ አሲዱን የሚያረክስ ኖራ መሰል መድኃኒት ተቀላቅሎበታል። የሚሰጠው ለድኙ ልክ ነው። ካነሰ አሲዱ ግድግዳውን ይበላዋል። ከበዛ ደግሞ የተረፈው መድኃኒት እየተቃጠለ ድንጋይ ይሆናል፤ ድንጋዩ ይፍቃል። ጠብታ እየቆጠርን የምንኖረው ለዚህ ነው ለካ።

እኔም በዘዴ «ንጹሕ ናፍጣ የሚጠጣ ትንሽ ሞተር ሆድ ውስጥ ቢገባስ?» አልሁት። «ሞተሩን የሚጠላ ሰው ካለ ያድርገው» አለኝ። የእርስዎን ወፍጮ አልነገርሁትም።

አጎቴ፣ አፍሬአለሁ። አስወጡት።

ስማቸው


ቢቸና፣ ሰኔ 22 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለልጄ ለስማቸው

እግዚአብሔር ከጭንቀት ይጠብቅህ። ደብዳቤህ ለጰራቅሊጦስ ሰሞን ደረሰኝ። ለብቻዬ ነው ያነበብሁት። እናትህ «ምን አለ?» ስትለኝ «ደህና ነኝ አለ» አልኋት።

ልጄ፣ ዘይቱ ከገባ ከረመ እኮ። እንዴት አድርጌ ላስወጣው? ወፍጮ ቤቱ ከገበያው ፊት ለፊት ነው፤ ብሎኑን ስንፈታ የሚያየን ሰው ስንት ነው? ቄሱ የባረኩትን፣ ሊቀመንበሩ ንግግር ያደረገበትን፣ እናትህ እልል ያለችበትን ዘይት መሬት ላይ ላፍሰው? ለምን ቢሉኝ ምን ልበል? የሀብትነሽ ልጅ የላከው መርዝ ነው ልበል? ደግሞስ ካፈሰስሁት በምን ልተካው? አሮጌው አጥር ላይ ነው ያለው።

ሞተሩ ደህና ይሠራል። ውሸት እንዳይሆንብኝ፣ ጭሱ ነጣ ብሏል፤ ጧት ሲነሳም ያንገራግራል። ክረምት ስለሆነ ነው ብያለሁ። ወልደ ኪዳን አንድ ቀን «ጋሼ፣ ዘይቱን ብንቀይረውስ?» ብሎኝ ነበር። «አንተ ከመርከበኛ ታውቃለህ?» ብዬ አፉን አስያዝሁት። ደግሞ አላነሳውም።

ቺፍ የምትለው ሰው አጋናኝ ሊሆን ይችላል። የተማረ ሰው ማስፈራራት ይወዳል። አንተ እስቲ ረጋ ብለህ አስብና የሚያሰጋ እንዳልሆነ ጻፍልኝ። እንቅልፍ አጥቻለሁ።

አጎትህ ገላው


ጂዳ ወደብ፣ ነሐሴ 19 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ

ፍልሰታን በሰላም ፈታችሁ? እናቴ በዚህ ጾም ጨርሶ እህል አትቀምስም፤ ደከማት ይሆን?

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብሁት። የእኔን ስም ብለው መሆኑ ገብቶኛል። እውነት ነው፣ ቺፉ ትንሽ ያጋንናል። ሞተርዎ ትንሽ ስለሆነ ሙቀቱም ትንሽ ነው። የኮታው ዘይት ሲመጣ ግማሽ በግማሽ ቢቀላቅሉት ምንም አይል ይሆናል። እስከዚያ ቀስ እያላችሁ ፍጩበት።

«ይሆናል» የምትለዋን ስጽፍ እጄ ከበደኝ። ቢሆንም እንዲህ በል ያሉኝ እርስዎ ነዎት፤ እኔም እንዲህ ቢሆን ደስ ይለኛል። ስለ እልልታው የጻፉልኝን ደብዳቤ ኪሴ ውስጥ ይዤው እዞራለሁ።

ለመስከረም ወደ ሩቅ ምሥራቅ ስለምንሄድ መልስ ሊዘገይብኝ ይችላል።

ስማቸው


ቢቸና፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለስማቸው

ሰላም ለአንተ ይሁን።

ያለፈውን ደብዳቤህን ተቀብዬ መልስ ያልጻፍሁት የምጽፈው ጠፍቶኝ ነው። አሁን ግን ከሌላ ሰው ከምትሰማው ከእኔ ስማው።

ሞተሩ በኅዳር ቆመ። አዲስ ጤፍ ገብቶ፣ የሴቱ ሰልፍ ወፍጮ ቤቱን አልፎ ገበያ ገብቶ ነበር። ብረት ብረትን ሲፍቅ የሚያሰማውን ጩኸት ጮኸና ቀጥ አለ። ቴስታታውን፣ የሲሊንደሩን ክዳን፣ ስናነሳ ፒስተኑ ላይ አንተ የጻፍህልኝ ነጭ ቅርፊት ተቀምጧል። ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም፤ ግን ወዲያው አወቅሁት። ግድግዳው ተቦጫጭሯል። ከሞጣ የመጣው መካኒክ አይቶት «ይህ ሞተር ከእንግዲህ ለጌጥ ካልሆነ ለሥራ አይሆንም» ብሎ ሄደ።

ስብሰባ ተጠራ። ሊቀመንበሩ አሻጥር ነው አለ። «ዘይቱን የሞላው ማን ነው?» ሲል ወልደ ኪዳን ከኋላ ተነሥቶ «እኔ ነኝ» አለ። እውነት ነው፣ የሞላው እሱ ነው። ከዚያ ወደ እኔ አየ። አሳልፎ ሊሰጠኝ አይደለም፤ የምናገር መስሎት ነው የጠበቀኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ። ሊቀመንበሩም ንግግሩን ረሳው፣ ቄሱም ቡራኬያቸውን ረሱ። እናትህ እዚያው ተቀምጣ ስለነበር ይሁን፣ እንደ እኔ ፈርተው ይሁን፣ ያንተን ስም ያነሣ አንድ ሰው አልነበረም። «የጉልተኛ ልጅ ድሮስ ምን ይጠበቃል» ተባለና ሁለት ታጣቂ ይዞት ሄደ።

«ያዘዝሁት እኔ ነኝ» ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር። ነገ እናገራለሁ እያልሁ ይኸው ወር ሆነኝ።

ሚስቱ ባንቺዓለም ጧት ጧት በደጄ ታልፋለች። እጅ ነሥታኝ «እንዴት አደሩ ጋሼ» ትለኛለች። አንድ ቀን እንኳ ብትሰድበኝ ምነው። ሴቶቹ በድንጋይ ወፍጮ መፍጨት ጀምረዋል፤ መዳፋቸው ተላጠ። እናትህ ዘይቱ እንደሆነ አልገባትም። ወልደ ኪዳንን «ክፉ ሰው፣ የልጄን ዘይት አበላሸብኝ» እያለች ትረግማለች። እኔ እሰማታለሁ።

ምንም እንድትልክልኝ አልፈልግም።

ገላው


አሰብ፣ ጥር 20 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ

ደብዳቤዎ እዚህ ጠብቆኝ አገኘሁት። ምን ብዬ ሰላም ልበልዎ?

ያ ሰው እስር ቤት የገባው በእርስዎ ዝምታ ብቻ አይደለም። ነሐሴ ላይ ምንም አይል ይሆናል ብዬ የጻፍሁት እኔ ነኝ። እንደማይሆን አውቅ ነበር። ቺፉ ያለኝን በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ የተፋቀውን ግድግዳም በእጄ ዳስሻለሁ። ጽኑ ሰው ብሆን ኖሮ «ዛሬውኑ አፍስሱት፣ ስሜ ገደል ይግባ» እል ነበር። እርስዎ እኔን እንዳያሳፍሩ፣ እኔም እርስዎን እንዳላሳፍር ስንባባል አንድ ባለ ልጆች ሰው አሳሰርን።

ለማኅበሩ ደብዳቤ ልጽፍ ተቀምጬ ነበር፤ ተውሁት። ሩቅ ሆኜ በወረቀት መናገር ቀላል ነው። ፈቃድ ጠይቄ ተፈቅዶልኛል። ራሴ መጥቼ በስብሰባው ፊት ዘይቱን የላክሁት እኔ ነኝ፣ የማይሆን ዘይት ነው፣ ወልደ ኪዳን ምንም አላጠፋም እላለሁ። ምን እንደሆነ የማስረዳውም እኔው ነኝ። የካቲት መጨረሻ ላይ እደርሳለሁ።

ስማቸው


ቢቸና፣ የካቲት 12 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለልጄ ለስማቸው

ደብዳቤህን አነበብሁ። ና። የወልደ ኪዳን ነገር ለአውራጃው ሊተላለፍ ነው ይባላል፤ ከዚያ ወዲያ በእኛ እጅ አይደለም። ቶሎ ና።

የሞጣው አውቶቡስ እዚህ ሲደርስ ከሰዓት በኋላ ይሆናል። እኔ ያን ሰሞን በየቀኑ ቆሜ እጠብቅሃለሁ። መጀመሪያ ሁለታችን እንድንነጋገር ብዬ ለእናትህ አልነገርኋትም። ለባንቺዓለም ግን ለባልሽ የሚመሰክር ሰው ይመጣል ብያታለሁ። ማን እንደሆነ አልጠየቀችኝም።

ገላው


ሞጣ፣ መጋቢት 2 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ

ይህን የምጽፍልዎ ከእህቴ ከፋንታነሽ ቤት ነው። ከየት እንደምጀምር እንጃ።

ደጀን አድሬ በማግሥቱ ተሳፈርሁ። የምናገረውን መንገድ ሙሉ ስለማመድ ነበር። አውቶቡሱ ቢቸና ሲገባ ሻንጣዬን ጭኔ ላይ አድርጌ ተዘጋጅቻለሁ። ገበያውን አየሁ። የወፍጮ ቤቱን ቆርቆሮ አየሁ፤ በሩ ላይ ሰንሰለት አለበት። ረዳቱ «ቢቸና ወራጅ!» ብሎ ተጣራ። ሰዎች ወረዱ። «ሌላ ወራጅ የለም?» አለ። የአንገት ልብሴን ፊቴ ላይ ሳብሁ። እስከ ሞጣ ያለውን ሒሳብ ጨምር ሲለኝ ቀና ብዬ ሳላየው ከፈልሁ።

ፋንታነሽ «ቢቸና ሳትወርድ እንዴት መጣህ?» አለችኝ። እንቅልፍ ወስዶኝ ነው አልኋት። «የእናትህን ደጅ በእንቅልፍ አለፍኸው?» አለችና ማድቤት ገባች። እራት አቀረበችልኝ፤ አብራኝ ግን አልበላችም።

አጎቴ፣ ከዚህ ወደ ቢቸና የሚሄደውን መኪና ሁለት ቀን ሄጄ አይቼ ተመለስሁ። ፈቃዴም እያለቀ ነው። በባሕር ዳር በኩል ዞሬ ለመሄድ አስቤአለሁ። ጠብቀውኝ ከሆነ ይቅር ይበሉኝ። ደግሞም አይበሉኝ። እኔ ሰው አይደለሁም።

ስማቸው


ቢቸና፣ መጋቢት 5 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለስማቸው
ሞጣ፣ በመምህርት ፋንታነሽ ቤት

እግዚአብሔር ይቅር ይበለን። ይህን በአውቶቡሱ ረዳት እጅ ልኬልሃለሁ፤ ሳትሄድ እንዲያገኝህ።

እንቅልፍ እንዳልወሰደህ አውቃለሁ። አይቼሃለሁ። አውቶቡሱ ሲቆም ከመስኮትህ ሥር ነበርሁ። ያን የአንገት ልብስ ስትስብ እጅህን አየሁ፤ የእናትህ እጅ ነው፣ አይጠፋኝም። ከስተሃል። መስታወቱን ላንኳኳ ዱላዬን አንሥቼ ነበር።

አላንኳኳሁም። ብትወርድ አብሬህ ማኅበሩ ቢሮ መግባት ሊኖርብኝ ነው። አንተ የላክሁት እኔ ነኝ ስትል ሰዎቹ «ገላውስ አያውቅም ነበር?» ብለው ወደ እኔ ሊዞሩ ነው። አውቶቡሱ ሲነሣ እፎይ አልሁ ልጄ። ወልደ ኪዳን ታስሮ፣ የእህቴ ልጅ እንደ ሌባ ተሸፋፍኖ በእናቱ ደጅ ሲያልፍ፣ እኔ ቆሜ እፎይ አልሁ። በዚህ ዕድሜዬ ብዙ አፍሬአለሁ፤ እንደዚያ ቀን ያለ ግን አላውቅም።

አመሻሽ ላይ ባንቺዓለም ከእስር ቤት ስትመለስ ደጄ ላይ ቆመች። «ጋሼ፣ እንግዳዎ አልመጣም?» አለችኝ። አልመጣም አልኋት። «አይዞዎ፣ የመንገድ ነገር ነው፤ ይመጣል» አለችኝ። ባሏ የታሰረው እሷ፣ የምታጽናናው እኔን። ከዚያ ወዲህ ሰዎች የሚሉኝ ሁሉ አይሰማኝም።

ነገ ጧት ቢሮው እገባለሁ። አስወጡት የሚል ደብዳቤ ደርሶኝ፣ እያወቅሁ፣ ሰው ምን ይለኛል ብዬ አላስወጣሁትም እላለሁ። የወልደ ኪዳንንም አፍ ያስያዝሁት እኔ መሆኔን እናገራለሁ። ስምህን አልደብቅም፤ የላክህልኝን ማስጠንቀቂያም አልደብቅም። እሱን ይለቁታል ብዬ አምናለሁ። እኔን በቦታው ያስቀምጡኝ ይሆናል። ያስቀምጡኝ።

ለእናትህ ዛሬ ማታ እነግራታለሁ። ያን እልልታ እንዴት እንደምመልስላት ግን አላውቅም።

እስር ቤት ስንቅ የሚመጣው ከቤት ነው። እናትህ ዳገቱን አትችለውም። ዝም ካልን ባንቺዓለም ይዛልኝ ትመጣለች፤ አውቃታለሁ፣ ታደርገዋለች። ከእሷ እጅ ግን እህል መቀበል አልችልም። ስለዚህ ስንቄን የምታመጣልኝ አንተ ነህ። ጾም ነው፤ ሽሮ ይበቃኛል። በባሕር ዳር አትሂድ። ረዳቱ ቢቸና ወራጅ ሲል አቤት በልና ውረድ።

አጎትህ ገላው